ሰላሳ ወይስ ስልሳ

ሰኞ

ዛሬም ሳባን አረምኳት። በአንድ ገጽ ላይ ሰባት ስሕተት። «ጨርሰናል» የሚለውን «ጨርሰን አለን» ብላ ጽፋዋለች፤ በትግርኛ አስባ በአማርኛ ስትጽፍ እንዲህ ነው የሚወጣው። ቀይ እስክሪብቶዬን ሳነሣ ወረቀቱን ራሷ ገፋ ታደርግልኛለች። ተጋዳሊት የነበረች ሴት ናት፤ ጠመንጃ ይዛ ስንት ተራራ የወጣች። እኔ ግን እንደ አራተኛ ክፍል ተማሪ አንገቷን አስደፋታለሁ። ክፉ ሆኜ አይደለም። የተጣመመ ቃል ካየሁ እጄ አያርፍም።

ስለ ሥራዬ ለማንም መናገር አይፈቀድልኝም፤ ምያለሁ። እዚህ ካልጻፍኩት ግን ያፍነኛል። እዚህ አስመራ፣ ከቃኘው ጦር ሰፈር ብዙ ሳይርቅ አንድ ተራ ቤት አለ። አሜሪካኖች ድሮ ቃኘው ተቀምጠው ዓለሙን ሁሉ ያዳምጡ ነበር ይባላል። እኛ የምናዳምጠው አንድ ጎረቤት ነው፤ እሱንም መድፈኞቹን ብቻ። ግንባር ላይ በሬዲዮ ሲነጋገሩ ተራራ ላይ ያለው መቀበያችን ይይዘዋል፣ በመስመር እኛ ጋ ይደርሳል፣ ቴፑ ይቀዳል፣ እኔና ሳባ ደግሞ ማዳመጫ ጆሯችን ላይ አድርገን የሰማነውን እንጽፋለን። ሳባ ፈጣን ናት፣ ትጽፋለች። እኔ አርማለሁ። አለቃችን ወዲ ቀሺ የታረመውን ወረቀት ይዞ ወደ ግንባር ይደውላል።

ወዲ ቀሺ በመጀመሪያው ቀን ያስረዳን ነገር ቀላል ነበር። እነሱ ብዙ ናቸው፣ መድፋቸውም ብዙ ነው፤ እኛ አንድ ስንተኩስ ዐሥር ይመልሳሉ። በተኩስ አንችላቸውም። የምንችለው ጥይቱ በሚወድቅበት ጊዜ ሰው ከመሬት በላይ እንዳይገኝ ማድረግ ነው። ምሽጉ ጥልቅ ነው፣ ጣሪያው ብረትና ድንጋይ ነው። ግን ሰው ሁልጊዜ ጉድጓድ ውስጥ መኖር አይችልም፤ ውሃ ሊቀዳ ይወጣል፣ ቁስለኛ ሊያሸሽ ይወጣል። መቼ እንደሚገባና መቼ እንደሚወጣ የምንነግረው እኛ ነን።

የእኛዎቹ በሬዲዮ ትግርኛ አይናገሩም፤ ከወዲያ ማዶ ትግርኛ የሚሰማ ሞልቷል። ብሊን የሚናገሩ ልጆችን ነው ሬዲዮው ላይ ያስቀመጧቸው። አማርኛ ግን በእኔ ዕድሜ እዚህ ከተማ ያልተማረው የለም። እኔ ደግሞ ዐሥራ ስድስት ዓመት አስተምሬዋለሁ። ነጻነት ሲመጣ አማርኛ ከትምህርት ቤት ወጣ፣ እኔም አብሬው ወጣሁና ቤተ መጻሕፍት ውስጥ የመጽሐፍ አቧራ ሳራግፍ ኖርኩ። አሁን እንደገና ተፈለግሁ። በእንዲህ ያለ ጊዜ ደስ ብሎኛል ማለት ያሳፍራል፤ ግን ብሎኛል።

ይህን ማስታወሻ በአማርኛ እንደምጽፍ ወዲ ቀሺ ቢያውቅ ምን እንደሚል እንጃ። መጻፍ የተማርኩት በአማርኛ ነው፣ የግሌን ነገር የማሰላስለውም በአማርኛ ነው። ምን ላድርግ።

ፊልሞን ከጻፈልኝ ሦስት ሳምንት ሆነው። ልጄ እሱ ብቻ ነው፤ አባቱ ከሞተ ወዲህ ሁለታችን ነን። ግንባር መሆኑን እንጂ የት እንደሆነ አላውቅም። «ውሃ ሩቅ ነው፣ በተራ እንወርዳለን» ይላል ደብዳቤው። ስለ ቦታው ሌላ ምንም አይልም።

ማክሰኞ

አደራ ዛሬ በጠዋት ጀመረ።

ስሙን ያወጣንለት እኛ ነን። ከወዲያ በኩል ካሉት ድምፆች ሁሉ እሱን ለይተን እናውቀዋለን፤ ንግግሩን ሲጨርስ ሁልጊዜ «አደራ» ይላል። ሥራው ተኩስ ማረም ነው። ከፍታ ላይ ተቀምጦ ጥይቱ የት እንደወደቀ ያይና «ቀኝ፣ ግራ፣ ጨምር፣ ቀንስ» ይላል። ማረም በሚለው ቃል መገናኘታችን አንዳንዴ ያስቀኛል። እሱም አራሚ፣ እኔም አራሚ።

ልማዳቸውን ሳባ ነች ቀድማ ያገኘችው። መጀመሪያ ሁለት የሙከራ ጥይት ይተኩሳሉ። አደራ ያርማል። ከዚያ ጸጥ ይልና ዋናው ድብደባ ከስንት ደቂቃ በኋላ እንደሆነ ይነገራል። «ከሃያ በኋላ»፣ «ከአርባ በኋላ» ይላሉ። «ሰዓት» የሚለውን ቃል አይጠቀሙም፤ «አንድ ሰዓት» ቢሉ የጠዋቱ አንድ ሰዓት ይሁን የአንድ ሰዓት ቆይታ ይምታታባቸዋል። ያሉት ደቂቃ ሲሞላ ድብደባው ይወርዳል። እስከ ዛሬ ዋሽተው አያውቁም።

ሦስት ሰዓት አካባቢ ሁለቱ ሙከራ ወደቁ። አደራ አረመ፣ ቀኝ አለ፣ ቀንስ አለ። ቆሎ እየቆረጠመ ነበር፤ ጥርሱ ሥር ሲፈጭ ይሰማል። ከዚያ ደቂቃውን ተናገረ፣ «አደራ» አለና ጠፋ።

የሳባን ወረቀት ሳብኩ። «ከስልሳ በኋላ» ይላል። እኔ የሰማሁት ሰላሳ ነው። ሰረዝኩና በቀይ «ሰላሳ» ብዬ ጻፍኩ።

ሳባ ማዳመጫዋን ከአንድ ጆሮዋ አነሣች። «መምህር፣ ስልሳ ዝበለ ይመስለኒ» አለችኝ፤ ስልሳ ያለ ይመስለኛል ማለቷ ነው።

«ቆሎውን ነው የሰማሽው» አልኳት።

ሳቀች፣ እኔም ሳቅሁ። ቴፑን መልሰን ለመስማት ማቆም ያስፈልጋል፣ ሲቆም ደግሞ ሌላው ንግግር ያልፈናል። ወዲ ቀሺ ወረቀቱን ወስዶ ሰላሳ ደቂቃ ብሎ ደወለ። ከዚያ በኋላ ብዙ የማይረባ ንግግር መጣ፤ አንዱ ስለ ጫማ ቁጥር ይጨቃጨቃል። ወደ ቤቴ በእግሬ ገዛ ባንዳ የሚባለውን ሰፈር አቋርጬ ተመለስኩ። ከቤተ መጻሕፍቱ ይልቅ ይህ ሥራ እንደሚሻለኝ እያሰብኩ ነበር።

ረቡዕ

ፊደሌ እንደ ሕፃን ፊደል ሆኗል።

ጠዋት ስንገባ ወዲ ቀሺ ቆሞ ነበር የጠበቀን። የትናንቱን ነገረን። ግንባር ያሉት ልጆች በነገርናቸው መሠረት ጉድጓድ ገብተው ሰላሳ ደቂቃ ቆጠሩ፤ ምንም የለም። አርባ ሆነ፤ ምንም የለም። ሐሩር ነው፣ ውሃ አልቋል። ቀርቷል ብለው ጀሪካን ይዘው ወጡ፣ አንዳንዱም ለመናፈስ ወጣ። ልክ ስልሳው ደቂቃ ሲሞላ ድብደባው ወረደባቸው። ሁለት ሞቱ፣ አምስት ቆሰሉ። የክፍሉን ስም አልነገረንም፣ የሰዎቹንም ስም አልነገረንም። አይነገርም።

«መዋሸት ጀምረዋል» አለ ወዲ ቀሺ። «እንደምናዳምጥ ጠርጥረዋል ማለት ነው።»

ሳባ ወደ እኔ አላየችም። ያለማየቷን ግን አየሁት።

በምሳ ሰዓት ሁሉም ሲወጡ የማክሰኞን ቴፕ አወጣሁ። መጀመሪያ ሳዳምጠው ሰላሳ ነው ያለው። ደስ አለኝ። ደገምኩት፣ አሁንም ሰላሳ። በሦስተኛው ዐይኔን ጨፍኜ፣ ልጆችን ሳስተምር እንደማደርገው፣ ቃሉን ተከትዬ በጣቴ ጠረጴዛውን መታሁ። ሰ፣ ላ፣ ሳ፤ ሦስት ምት ነው። ስል፣ ሳ፤ ሁለት ምት ነው።

ሁለት ነበር። ስድስት ጊዜ ደጋግሜ መታሁ። ሁለት ነው።

እንዴት እንደሆነም ገብቶኛል። በእኛ ቋንቋ ሰላሳ ያው ሰላሳ ነው፣ ስልሳ ግን ሱሳ ነው። ጆሮዬ የማያውቀውን ትቶ የሚያውቀውን ያዘ። ለስንት ልጆች ይህንኑ ስሕተት በቀይ ከብቤያለሁ። «ትግርኛችሁን በር ላይ አራግፋችሁ ግቡ» እል ነበር። እኔ ከነትግርኛዬ ነበር የገባሁት። አንዳንዱ አማራ ስልሳን ስድሳ ይለዋል፤ ምነው አደራም ስድሳ ባለ።

ሁለት ሰው ሞተ። እኔ ነኝ።

ቴፖቹ በማግስቱ ተጠርገው እንደገና ይቀዳባቸዋል። ያንን ቴፕ ግን ከመደርደሪያው አንሥቼ የድሮ ጋዜጣ ካለበት ሣጥን ሥር አስገባሁት። ለማሳየት ይሁን ለመደበቅ አላውቅም። ለማንም ሳልናገር ቀኑ አለቀ።

ሐሙስ

አልተናገርኩም።

ያለመናገሬ ምክንያቶች፦
ከሥራው ያባርሩኛል።
ዐሥራ ስድስት ዓመት አማርኛ ያስተማረች ሴት ሆን ብላ ነው ያደረገችው ይላሉ።
እኔ ብታሰር ፊልሞን ማን አለው።
ሁለቱ ሰዎች እንደሆኑ አይመለሱም።
ከሁሉም በታች ያለው፣ እውነተኛው ምክንያት፦ ሳባ ልክ እንደነበረች ጮክ ብዬ መናገር አልቻልኩም።

ስጽፈው እንኳ ያሳፍራል። ግን እውነት ነው።

ይህ ሁሉ ሳያንስ ወዲ ቀሺ ዛሬ አዲስ መመሪያ አወጣ። ከእንግዲህ የሚሉትን ደቂቃ በእጥፍ አስሉት፣ ሰላሳ ሲሉ ስልሳ ነው፤ ማክሰኞ እንዲህ ነው ያታለሉን አለ። ለግንባርም እንዲሁ ተነግሯል። ቁጭ ብዬ ሰማሁት። እነሱ እኮ አላታለሉም። ነገ አደራ «ከሃያ በኋላ» ቢል ልጆቹ አርባ ደቂቃ አለን ብለው ውሃ ይወርዳሉ፣ በሃያው ጥይቱ ይወርድባቸዋል። የእኔ ስሕተት አንድ ቀን ብቻ የሚገድል መስሎኝ ነበር። ዝም ስላልኩ መመሪያ ሆነ።

ሻሂ ስንጠጣ ሳባ ወንበሯን ወደ እኔ አስጠጋች። ዝቅ ባለ ድምፅ «ወላ ሓንቲ ኣይተዛረብኩን» አለችኝ። ምንም ቃል አልተነፈስኩም ማለቷ ነው። ልታጽናናኝ ፈልጋ ነው። ለምን እንዳልተናገረች ጠየቅኋት፤ መምህር ናት ያረመችኝ፣ እኔ የተሳሳትኩ መስሎኝ ነበር አለች። በጆሮዋ እንዳታምን ያደረግኋት እኔ ነኝ።

ከሰዓት በኋላ አደራ ሁለት ጊዜ ተናገረ። ስለ ጥይት ሣጥንና ስለ መንገድ ነው። ደቂቃ አልሰጠም። ዛሬ ተርፈናል፣ ነገን እንጃ።

እናገራለሁ። ነገ የመጀመሪያው ድምፅ ከመምጣቱ በፊት።

ዓርብ

ተናገርኩ።

ከሳባ ቀድሜ ደረስኩ። ወዲ ቀሺ ብቻውን በምላጭ እርሳስ ይቀርጽ ነበር። ቴፑን ከሣጥኑ ሥር አውጥቼ ፊቱ አስቀመጥኩ። «የማክሰኞው ነው። እነሱ አልዋሹም። እኔ ነኝ የተሳሳትኩት» አልኩት። ሌላ ያዘጋጀሁት ንግግር ነበረ፤ ምላሴ ላይ ጠፋ።

ማጫወቻውን ከፈተ። አዳመጠና ሰላሳ ነው እኮ የሚለው አለኝ። እሱም! መልሶ አዳመጠ፣ አሁንም ሰላሳ። እጁን ይዤ በጣቱ ጠረጴዛውን አስመታሁት። በአራተኛው ላይ ጣቱ ቆመ። ፊቱ ተለወጠ። ይህ ሰው ዕድሜውን በበረሃ የጨረሰ ነው፣ እንዲህ ሆኖ አይቼው አላውቅም።

ሳባ ስትገባ ጠራት። ምን እንደሰማች ጠየቃት። ስልሳ አለች፣ ሳታመነታ። በምን ለየሽው አላት። ያን ጊዜ ነው ያወቅሁት፤ በትግሉ ዘመን የምርኮኞች ጠባቂ ነበረች። ምርኮኞቹ ጠዋት ጠዋት ተሰልፈው ራሳቸውን ይቆጥሩ ነበር፣ በአማርኛ፣ ከአንድ እስከ ዘጠና ምናምን። ስልሳኛው ላይ የሚቆመው ጠና ያለ የወሎ ሰው ነበር፣ ጮክ ብሎ ነው የሚለው። «ድምፁ ጆሮዬ ውስጥ ቀረ» አለች። እሷ ቁጥር የተማረችው እንዲህ ነው። እኔ ከሰሌዳ ላይ ነው የተማርኩት፣ ከሰሌዳ ላይ ነው ያስተማርኩት።

ወዲ ቀሺ ለግንባር ደወለ። የእጥፉን መመሪያ ሰረዘ። ስልኩን ዘጋ።

«መምህር» አለኝ፣ «የማክሰኞውን ይቅር እልሻለሁ። ሰው ነሽ፣ ጆሮ ነው። የረቡዕንና የሐሙስን ግን እንጃ።»

ልሂድ ወይ አልኩት። የሚተካሽ ስለሌለኝ ነው የምትቆዪው አለኝ። ከዚያ አዲስ አሠራር ደነገገ። ከእንግዲህ ቁጥር በቃል አይጻፍም፣ በአኃዝ እንጂ። እኔና ሳባ ጀርባ ለጀርባ ተቀምጠን ለየብቻ እንጽፋለን፣ አንዳችን የሌላችንን አናይም፣ ወረቀቶቹን የሚያገናኛቸው እሱ ነው። ካልተስማሙ ትንሹም ትልቁም ቁጥር ለግንባር ይነገራል፤ ሁለቱም እስኪያልፍ ማንም አይወጣም። ማንም የማንንም አያርምም።

ቀዩን እስክሪብቶ ጠየቀኝ። ሰጠሁት።

ቅዳሜ

ፊልሞን አስመራ ነው። ሆስፒታል ተኝቷል።

ከሆስፒታሉ አንዲት ሠራተኛ ቤት ድረስ መጥታ ነገረችኝ። «አይዞሽ፣ እግሩ ነው» አለችኝ ገና በሩን ስከፍት፤ እግዚአብሔር ይስጣት፣ ሌላ ነገር እንዳላስብ ቀድማ። እንዴት እንደደረስኩ አላውቅም። ነጠላዬን ገልብጬ ለብሼው ነበር።

ቀጭን ሆኗል፣ ጠቁሯል። የግራ እግሩ ከጉልበቱ በታች በፋሻ ተጠቅልሏል፤ ፍንጣሪ ነው፣ አጥንት አልነካም ብለዋል ሐኪሞቹ። ሳምኩት፣ አለቀስኩ፣ ተቆጣኝ። ከዚያ መቼ ቆሰልክ አልኩት።

ማክሰኞ አለኝ።

ብዙ ነገር ልጠይቀው እችል ነበር፣ አልጠየቅሁም። ራሱ ነገረኝ። ሰላሳ ደቂቃ ተብለው እንደነበር፣ አርባ ድረስ እንደጠበቁ፣ ውሃ የመውረድ ተራው የእሱ እንደነበር። ጫማው ገና ስላልታሰረ ጓደኛው ተስፉ ጀሪካኑን ነጥቆ ቀድሞት ወረደ። ፊልሞን ማሰሪያውን አጥብቆ ሊከተለው ከጉድጓዱ ወጣ እንዳለ ነው ጥይቱ የወረደው። ተስፉ ከዚያ አልተመለሰም። ተስፉን አውቀዋለሁ፤ የሓዝሓዝ ሰፈር ልጅ ነው፣ ቤቴ ስንት ጊዜ በልቷል።

ፊልሞን ጣሪያውን እያየ «እቲ ዝሰምዓልና ጸማም እዩ» አለ። የሚሰማልን ሰውዬ ደንቆሮ ነው። ምሽጉ ውስጥ ሁሉም እንዲህ ነው የሚሉት አለ፤ አስመራ ሶፋ ላይ ተቀምጦ ሻሂውን ይጠጣል ይላሉ።

ሸሚዙን ይዤ ወጣሁና በሆስፒታሉ ቧንቧ አጠብኩት። ንጹሕ ነበር፣ እነሱ አጥበው ነው ያለበሱት። ግን አጠብኩት።

አልነገርኩትም። ለወዲ ቀሺ የተናገረች ምላሴ ለልጄ ታሰረች።

እሑድ

ተራችን ስለነበር ሥራ ገባን። ጀርባ ለጀርባ ተቀምጠናል፣ የሳባ ወንበር ሲንቋቋ ይሰማኛል፣ ፊቷን አላይም።

አራት ሰዓት ሲሆን ሁለቱ ሙከራ። አደራ አረመ። ዛሬ ቆሎ የለም፣ ጉንፋን ግን ይዞታል። «ከሃያ በኋላ። አደራ።»

20 ብዬ ጻፍኩ። ጽፌ እንኳ አላመንኩም፣ በጣቴ ጭኔን መታሁ። ወዲ ቀሺ ሁለቱን ወረቀት ጎን ለጎን አስቀመጠ። ሁለቱም 20። ደወለ።

ከዚያ በኋላ ያለው ጊዜ እንዴት እንደሚያልፍ ልጽፈው አልችልም። የግንባሩ መድፍ አስመራ ድረስ አይሰማም፤ ውጭ የቤተ ክርስቲያን ሰው ነጭ ለብሶ ይመለሳል፣ ብስክሌት ያልፋል። በሃያኛው ደቂቃ ከወዲያ በኩል የመድፈኞቹ ጩኸት በማዳመጫው መጣ፣ እየቆጠሩ ይተኩሳሉ። እንዳሉት በሃያው ጀመሩ። የሐሙሱ መመሪያ ባይሰረዝ ኖሮ ልጆቹ በዚህ ሰዓት ውሃው መንገድ ላይ ይሆኑ ነበር።

ስልኩ እስኪደወል ከአንድ ሰዓት በላይ ቆየ። ወዲ ቀሺ አነሣ፣ አዳመጠ፣ ዘጋ። «ኩሎም ደሓን ኣለዉ» አለ። ሁሉም ደኅና ናቸው።

ሳባ ዞራ እጄን ያዘችኝ። እጇ እርጥብ ነበር። የቐንየለይ አልኳት፣ አመሰግናለሁ በአማርኛ አልመጣልኝም። ደስ አለኝ፣ በጣም ደስ አለኝ። ደስታውም ወዲያው ተስፉን አስታወሰኝ። ዓርብ ላይ የተናገርኩትን ረቡዕ ተናግሬው ቢሆን ለተስፉ ምንም አይለውጥም ነበር፣ ያንን አውቃለሁ። ግን ልቤ አይቀበለውም።

ሰኞ

ከሥራ በቀጥታ ወደ ሆስፒታል ሄድኩ። ፊልሞን ተቀምጦ ነበር፣ ፊቱ ቀለም አግኝቷል። ብርቱካን ላጥኩለት። ከዚያ እጄን ሳልጠርግ ነገርኩት። ለማንም እንዳልናገር የማልኩትን አፈረስኩ።

መጀመሪያ አልገባውም። ወሬ የሰማሁ መሰለው። «የሚሰማላችሁ እኔ ነኝ» አልኩት። «ሰላሳ ያልኩት እኔ ነኝ። ስልሳ ነበር ያለው።»

ብርቱካኑን አስቀመጠ። ወደ መስኮቱ ዞረ። ይሰድበኛል ብዬ ጠበቅሁ፣ ቢሰድበኝ ይቀለኝ ነበር።

«መቼ አወቅሽ፣ ማማ?» አለኝ ሳይዞር።

«ረቡዕ።»

ለምን ቅዳሜ አልነገርሽኝም እንኳ አላለም። እንዲሁ ተቀምጠን ሳለ ነው በሩ የተከፈተው።

ኣደይ ምሕረት ናት፣ የተስፉ እናት። ፊልሞን መምጣቱን ሰምታ ከሓዝሓዝ ድረስ በእግሯ መጥታለች፣ በጨርቅ የጠቀለለችውን ሕምባሻ ይዛ። የሞተ ሰው ስም ጦርነቱ ሳያልቅ ለቤተሰብ አይነገርም። ስለዚህ አታውቅም። ፊልሞንን ግንባሩን ሳመችው፣ እግሩን አይታ ከንፈሯን መጠጠች፣ ተመስገን አለች። ከዚያ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች።

«ተስፉኸ? ደሓን ድዩ ወደይ?» ተስፉስ፣ ልጄ ደኅና ነው ወይ ማለቷ ነው።

ፊልሞን እኔን አየ። ከዚያ እሷን አየ።

«ደሓን እዩ» አላት። «ለመጨረሻ ጊዜ ሳየው ውሃ ሊቀዳ እየወረደ ነበር።»

ኣደይ ምሕረት ሳቀች። ቤት ሳለ አንድ ባልዲ አንሣ ብዬ ለምኜው አያነሣም ነበር፣ እንኳን ውሃ ሊቀዳ አለች። እየሳቀች ዐይኗን ጠረገች። ስለ ተስፉ ስንፍና ብዙ አወራችልን፤ ፊልሞንም አብሯት ሳቀ፣ እንዴት እንደቻለ አላውቅም። እኔ አልቻልኩም፣ ብርቱካን መላጥ ቀጠልኩ፤ ማንም የማይበላውን አራት ብርቱካን ላጥኩ።

ልትሄድ ስትነሣ ከጉያዋ አንድ ጥንድ ካልሲ አወጣች። ራሷ የሠራችው ነው፣ ወፍራም የሱፍ። መንግሥት መሥሪያ ቤት እንደምሠራ ታውቃለች። ወደዚያ የምትሄድ ማኪና ካገኘሽ ላኪልኝ፣ ተስፉ እግሩን ይበርደዋል አለችኝ። እጄ ላይ አስቀመጠችው፣ ጣቶቼንም በላዩ አጠፈችልኝ። እሺ አልኳት። በር ድረስ ሸኘኋት።

ስመለስ ፊልሞን ጀርባውን ሰጥቶኝ ተኝቷል። እንቅልፍ የወሰደው መሰለኝ።

«ንስኺ ኢኺ ትነግርያ» አለኝ። የምትነግሪያት አንቺ ነሽ።

አይፈቀድም ልለው ነበር። መሐላ፣ መመሪያ፣ ወዲ ቀሺ፤ ሁሉም አፌ ላይ መጣ።

«ሕራይ» አልኩት፣ እሺ።

መቼ ብሎ አልጠየቀኝም። ካልሲው አሁን ይህን በምጽፍበት ጠረጴዛ ላይ ነው።